በቦምቦሊኖው ቀዳዳ ውስጥ ያለ አገር

ልሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ አፍንጮ በር በነበረው ቤታችን መቀመጫ ጠፍቶ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አውሮፕላኑ የሚነሳው ጠዋት ስለሆነ እማዬ ለቅሶውን ወደ ዋዜማው አምጥታዋለች። «ጠዋት ማንም እንዳያለቅስ፤ ትዘገያለች» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አስቀድማ ተናግራለች። ስለዚህ ሰው ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይገባል፣ በሶውንና ሽሮውን አልጋዬ ላይ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ያለቅሳል፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣል።

ያን ማታ ያላለቀሱት ጋሽ ዘሪሁን ብቻ ነበሩ። ጋሽ ዘሪሁን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ፣ ከትንሽ የመስታወት ሳጥን ኋላ ተቀምጠው ሰዓት ይጠግናሉ። አባቴ ካረፈ በኋላ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ካርታ እንደምወድ አይተው ስሜን ትተው «አትላስ» ይሉኛል።

«እስቲ አትላስ» አሉኝ፣ «ይቺ ሌሶቶ የምትባለው የት ናት?»

«ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናት ጋሼ።»

«ደቡብ አፍሪካ ነው የምሄደው አትዪንም ታዲያ?»

«አይደለማ! ራሷን የቻለች አገር ናት። ደቡብ አፍሪካ ዙሪያዋን ከባታለች እንጂ።»

«አገር ውስጥ አገር? የእኛ ግቢ ነው በይኛ!»

ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ ያልገባው ሰው እያየሁ ማለፍ አልችልም። ከሻዩ ጋር ከቀረበው ሳህን አንድ ቦምቦሊኖ አንስቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። «ይኼ ዳቦው ደቡብ አፍሪካ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሌሶቶ ነው።»

ጋሽ ዘሪሁን ቦምቦሊኖውን ተቀበሉኝ። የሰዓት ማያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዓይናቸው ላይ ሰክተው በቀዳዳው አጮለቁብኝ። «ምንም አይታየኝም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «እና የአገሩ ወጣት ሁሉ ለዳቦው ሲሰደድ፣ አንቺ ለቀዳዳው ነው የምትሄጂው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እማዬ እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እውነታቸውን ነበር። ሆኖም ያ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ተራራ ነው። እኔ ለአራት ዓመት ስለ ተራራ አስተምሬ ከእንጦጦ ያለፈ ተራራ ላይ ቆሜ አላውቅም። አብራኝ የተማረች ልጅ ሌሶቶ ውስጥ ስታስተምር ቆይታ፣ እሷ ስትለቅ ቦታዋ ጂኦግራፊ አስተማሪ እንደሚፈልግ ጻፈችልኝ። በማግስቱ ማመልከቻዬን ላክሁ። የሄድኩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት የሚጠብቅ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ጋሽ ዘሪሁን ሊወጡ ሲሉ አንድ በእጅ የሚሞላ አሮጌ የእጅ ሰዓት አሰሩልኝ። «የአዲስ አበባን ሰዓት ነው የሞላሁት። እዚያ ስትደርሺ እንዳታስተካክዪው። እኛ ምሳ ላይ እንሁን መክሰስ ላይ፣ በዚህ ታውቂያለሽ። ጠዋት ጠዋት መሙላት ብቻ ነው።»

በማግስቱ ስቸኩል ነጠላዬን እንደነገሩ ጣል አድርጌ ስወጣ፣ እማዬ ደረጃው ላይ ደርሳብኝ ከትከሻዬ መነጨቀችው። «ምን ነካሽ? ማን ሞቶብሽ ነው ያዘቀዘቅሽው?» ለካ ጥለቱ ወደ አንገቴ ወጥቷል። ራሷ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ አለበሰችኝ፣ ሦስቴ ሳመችኝ፣ ከዚያ እንደ ፕሮግራሙ ሳታለቅስ ገባች። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጆሃንስበርግ በሚኒባስ ግማሽ ቀን ሙሉ ሜዳ ነው። በቆሎና ሜዳ፣ ሜዳና በቆሎ። ዳቦው ይህ ነው ማለት ነው። ወደ ማታ ሞሆካሬ የሚባል፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ስር ካለው ወንዝ ብዙም የማይሰፋ ወንዝ ደረስን። በድልድዩ ወዲያ ማዶ ሌሶቶ ናት። ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ሰው ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል፤ ከሥሩ ዩኒፎርም ለብሷል፤ ወሩ ጥር፣ ለእነሱ የሙቀት ወቅት ነው።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ላስተምር።»

«ምን?»

«ጂኦግራፊ።»

«የማንን?»

«የእናንተንም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ልፈትንሽ። አገራችን ከሌላው ዓለም በምን ትለያለች?»

«ዝቅ ያለው ቦታዋ እንኳ ከባህር ወለል በላይ ሺህ አራት መቶ ሜትር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሆነች አገር እሷ ብቻ ናት።»

ደስ አለው። ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ ግን ማስረዳት የወደደ ሰው ማቆሚያ የለውም። «የእኔ ሰፈር ግን ከዚህ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል» አልኩት።

ፊቱን አኮሳትሮ ፓስፖርቴን አገላበጠ። «ስለዚህ ወደ ተራራ አገር ወጣሁ እያልሽ አይደለም። ወረድኩ ነው የምትዪው።» ማህተሙን በኃይል መታው። «ስድስት ወር። እስከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ካላወጣሽ ወደ ሰፈርሽ ትወጫለሽ።» ከዚያ ራርቶ አስረዳኝ፦ ለመኖሪያ ፈቃዱ ዋናው ነገር ከምትኖሪበት መንደር ሞሬና የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሞሬና የመንደሩ አለቃ ነው፤ በእኛ የድሮ አባባል ጭቃ ሹም እንደማለት።

ትምህርት ቤቱ ያለው ማሎቲ በሚባሉት ተራሮች መካከል ነው። እስቲ እንደ ክፍል ልንገራችሁ። ተራሮቹ እንደ ሰሜን ተራሮች ሹል አይደሉም፤ አናታቸው ሰፊ ነው፣ ወገባቸው ላይ ድንጋዩ እንደ ቀበቶ ተነባብሮ ይዞራል። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሣር ነው፣ በብርዱ ወቅት ወርቅማ በሙቀቱ አረንጓዴ። ቁልቁለቱን ጎርፍ ቦርቡሮት አፈሩ ተሰንጥቆ ይታያል፤ እዚህ ላይ ወሎን ያየ ሰው ሆዱ ይባባል። ወንዙ ሴንኩ ይባላል፤ ከእነሱ ተነሥቶ የሰው አገር አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ይህንን ስሰማ «ታሪካችን አንድ ነው» አልኩ ለተማሪዎቼ፣ ዓባይን ሥዬ። ፈረስ ደግሞ እንደ ሚኒባስ ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ ባለቤቱን ይጠብቃል፣ ወያላ ብቻ ነው የጎደለው።

ሰዎቹ ባሶቶ ይባላሉ። ሰላምታቸው «ኮትሶ» ነው፣ ትርጉሙ ሰላም። ሰውን ሳይሰላሙ ማለፍ ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ከፒያሳ ነው የመጣሁት፣ ሰው እየገፋሁ ማለፍ ነው የለመድኩት። የመጀመሪያ ሳምንት መንደሩ ሁሉ ተቆጥቶኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ያከራዩኝ ሴት እሜ ማታቦ ይባላሉ። እሜ እናት ነው፤ ማታቦ ደግሞ የታቦ እናት ማለት ነው። ልክ እኛ «የእንትና እናት» እንደምንለው ሴት ልጅ ስትወልድ በልጇ ስም ትጠራለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ልጃቸው ታቦ ወደ ዳቦው ሄዶ ማዕድን ቆፋሪ ሆኗል። ቤቱን ሊያሳዩኝ ሲገቡ መጀመሪያ መረመሩኝ።

«ውሻ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ባልስ?»

«የለኝም።»

«ጥሩ ነው። ሁለቱም ሌሊት ይጮሃሉ።»

ቤቱ ክብ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ጎጆ ቤት። እኔ የአፍንጮ በር ልጅ፣ ጎጆ ቤት ውስጥ ለመኖር ሰው አገር ድረስ መምጣት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ማታ እራት አመጡልኝ። ፓፓ ይሉታል፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ከጎኑ የተከተፈ ጎመን አለ። ሳላስበው በማንኪያ መሃሉን ጎድጉጄ ጠበቅሁ፤ ገንፎ ሲቀርብ ቅቤና በርበሬ መሃሉ እንደሚፈስ እጄ ያውቃላ። እሜ ማታቦ ጉድጓዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ቲቸር፣ ምን እየቆፈርሽ ነው? አልማዝ እዚያ የለም፤ ማዶ ነው ያለው።»

ሳቅሁና ከሻንጣዬ በርበሬ አውጥቼ አስረዳኋቸው። ቀምሰው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይኼንን በልታችሁ ነው አገር ጥላችሁ የምትሰደዱት?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፓፓውን ሲያቀርቡልኝ ራሳቸው መሃሉን ጎድጉደው ነበር።

ግንቦት ላይ እማዬ ደውላ ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሳ ነገረችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነሱ። ለእማዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምድር ቤት ደረሳት፤ ጋሽ ዘሪሁንም እዚያው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ። «ከእግዜር ቀጥሎ ከፍ ብዬ የምኖረው እኔ ነኝ» ይሉኛል እማዬ ስልኩን ስትሰጣቸው። ሁልጊዜ ትሰጣቸው ነበር። እሳቸውም ሁልጊዜ «ቀዳዳው እንዴት ነው?» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ «ሰፊ ነው ጋሼ» እላለሁ። ከዚያ ሰዓቱን መሙላቴን ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉልኝ። የስድስት ወር ፈቃዴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ደብዳቤው ካልተገኘ ሥራውም ክፍሉም ቀረ፤ ስመለስ የምመለስበት የምታውቁት አፍንጮ በር ደግሞ የለም። እማዬ አንድ ክፍል ውስጥ ናት፣ የእኔ አልጋ በሩ ስላላስገባው ተሰጥቷል። ወደ ወረዳው ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት በእርጋታ ብርቱካን የምትልጥ ሴት ነበረች።

«እዚህ አገር ትኖሪያለሽ?»

«አዎ።»

«ማረጋገጫ?»

«ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ።»

«መቆም መኖር አይደለም። የሞሬና ደብዳቤ።»

«ሞሬና ጋ ሄጄ ነበር። ጸሐፊያቸው የእናንተን ቅጽ አምጪ አለኝ።»

«ቅጹን የምሰጠው ለነዋሪ ነው።»

«ነዋሪ መሆኔን የሚያረጋግጠው ማን ነው?»

«ሞሬና።» ብርቱካኑን ከሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። «እዘኚ፣ ግን ብዪ።»

በላሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ጣፋጭ ነበር። ሳልወጣ ቅጹንም ሰጠችኝ፤ ብርቱካን አብረን ከበላን በኋላ ነዋሪ አይደለሽም ለማለት ያፈረች ይመስለኛል። ቅጹን ለሞሬና ጸሐፊ ሰጠሁ። «የሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ።

በዚያው ሰሞን በረዶ ጣለ። እናንተ አዲስ አበባ ሐምሌን በጃንጥላ ስታሳልፉት እኔ በር ስከፍት ተራራው ሁሉ ነጠላ ለብሷል። እሜ ማታቦ ክፍሌ መጥተው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ ጣሉ። ቡናማ ነው፣ ጠባብ ጠባብ ቢጫ መስመሮች አሉት። «በዚህ ሹራብሽ ከሞትሽ መሬቱ በረዶ ነው፤ ማን ይቆፍርልሻል?» አሉኝ። ሴቶቹ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደሚያያይዙት አሳዩኝና ቸኩለው ወጡ፤ መንደሩ ውስጥ ሰው ሞቶ ነበር። የሞተችው የሞሬናው ታላቅ እህት ናት።

ቀብሩ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። በእኛ አገር ሰው በሞተ በማግስቱ ይቀበራል፤ እዚያ ዘመድ ከማዕድኑ ከከተማው እስኪሰበሰብ ይቆያሉ። በዚያ ሁሉ ቀን እኔ እያሰብኩ ነበር። ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ሲለብስ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ይህ የዘወትር አለባበስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ለሐዘን መዞር አለበት። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት፣ ደስም አለኝ። አስተማሪ ራሱ ባወጣው ሕግ የሚኮራውን ያህል በምንም አይኮራም።

ቅዳሜ እሜ ማታቦ ለማብሰል በማለዳ ስለሄዱ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ብርድ ልብሱን አዞርኩት። መስመሮቹን አግድም አድርጌ፣ ዳሩን እስከ አንገቴ ከፍ አድርጌ፣ ልክ እማዬ ለአባቴ እንዳዘቀዘቀችው አዘቀዘቅሁት። ጥሩ ለቀስተኛ ሆኜ ቁልቁል ወረድኩ።

ሕዝቡ መቃብሩን ከቦ እየዘመረ ነው። ከሴቶቹ መካከል ገብቼ ቆምኩ። ዜማው በአካባቢዬ እየሳሳ ሲሄድ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት መጥተው ዝም ብለው የብርድ ልብሴን ጫፍ ጎተቱ፤ ሊያጽናኑኝ መስሎኝ አቅፌ ሳምኳቸው። እንደገና ጎተቱ፤ እንደገና ሳምኳቸው። ከፊት ለፊቴ የሟቿ ልጅ ቆማለች፤ እርጉዝ ናት፣ ቀኗ የደረሰ። እኔን ስታይ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዞረች። ሞሬናውም አዩኝ።

እሜ ማታቦ ከድስቱ መጥተው ክንዴን ይዘው ከሰው ጀርባ አወጡኝ። «ቲቸር! ምን አድርገንሽ ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«መስመሩ ለምን ተኛ? መስመሩ የሚቆመው ሰው እንዲያድግ፣ ማሳ እንዲያድግ፣ ከብት እንዲበዛ ነው! ያስተኛው ሰው አይደግ፣ በዚያው ይቅር እያለ ነው። አንቺ ደግሞ በእርጉዝ ፊት!»

እንዲያ ባለ ቀን፣ በሞሬናው እህት መቃብር ላይ፣ ደብዳቤዬ በእጃቸው እያለ፣ ዘራቸው እንዳያድግ ረግሜያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ጋ በሄድኩ ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ። «ሞሬና ሐዘን ላይ ናቸው።» ሰኞም፣ ሐሙስም። ፈቃዴ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀረው። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ካርታ ሳስል እጄን ሳይሆን ትከሻዬን ነው የሚያዩት። ለእሜ ማታቦ ነጠላዬን አውጥቼ ለሐዘን እንዴት እንደምናዘቀዝቀው አሳየኋቸው። መጨረሻ ላይ የማውቀውን አደረግሁ። «እሜ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አልኳቸው።

«ምን ልሁን?»

አስረዳኋቸው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ራሱ አይሄድም፤ መጀመሪያ የተከበሩ ሰዎች ሄደው ያስታርቁታል፣ ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው።

«የእናንተ አገር ጥፋት ሦስት ሰው ያደክማል» አሉ። ግን ሄዱ። በቀብሩ ላይ የሳምኳቸውን አሮጊት ይዘው ሄዱ። ሁለት ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ፦ «ነገ ነይ ብለዋል። ያቺን ነጭ ልብስሽን ይዘሽ ነይ ብለዋል።»

ሞሬናው ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ እግራቸውን ያማቸዋል። መሬት ላይ ልቀመጥ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ነጠላዬን ለበስኩ፤ ጥለቱ ወደ ታች። «ይህ የዘወትር ነው፣ ሞሬና።» ከዚያ አዘቀዘቅሁት። «ይህ የሐዘን ነው። ቤተሰቤ ሰው ሲሞትበት እንዲህ ይለብሳል።»

ከቤቱ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«እህቴን ታውቂያት ነበር?»

«አላውቃቸውም ነበር።»

«ታዲያ ለማታውቂው ሰው ልብስሽን ገለበጥሽ?»

«በእኛ ዘንድ ለማያውቁትም ይለቀሳል፣ ሞሬና።»

«ስለዚህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሙሉ ቤተሰቤን የረገምሽው በአክብሮት ነው።»

«አዎ፣ ሞሬና።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ቀና አልኩ፤ እየሳቁ ነበር። ወደ ውስጥ ተጣሩ። የእህታቸው ልጅ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች፤ ከሦስት ቀን በፊት ነው የወለደችው። «እይው» አሉኝ፣ «ቁመቱን እይ። እርግማንሽ አልሠራም፤ ከእኔ አልጋ ሊረዝም ነው።» ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ ብርድ ልብሴን ራሷ ነካች፣ መስመሩ መቆሙን አረጋገጠች፣ ከዚያ ብቻ ነው ሕፃኑን ያስያዘችኝ።

ጸሐፊው ወረቀት ይዞ መጣ። ሞሬናው ማጻፍ ጀመሩ። «ይህች ሴት በእኔ መንደር ትኖራለች…» ከዚያ ቆም ብለው ጠየቁኝ። «ከማን መንደር ነው የመጣሽው? ይጻፍ።»

«ከአፍንጮ በር።»

«አለቃው ማነው?»

«አሁን ሰፈሩ የለም፣ ሞሬና። ፈርሷል። ሰዉ ተበትኗል።»

እንዲህ ያለ ቦታ በደብዳቤ ላይ መጻፍ ይቻል እንደሆነ የሚያስቡ መሰለኝ። «ሰው ከስም ነው የሚመጣው» አሉ በመጨረሻ፣ «ከግድግዳ አይደለም። አፍንጮ በር ብለህ ጻፍ።» ጸሐፊው ፊደሉን ሦስቴ አስቆጠረኝ። ማህተሙ ሲመታ ድንበሩ ላይ ከተመታው ማህተም ይልቅ በጣም ቀስ ብሎ ነው የተመታው።

ፈቃዱ በነሐሴ መጀመሪያ ወጣ። ሁለት ዓመት። ብርቱካን የምትልጠው ሴት ደብዳቤውን አንብባ «አፍንጮ በር የት ነው?» አለችኝ። ላስረዳት ጀምሬ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ፣ «ከላይ ነው» ብያት ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በግቢው ውስጥ ያሉት የኮክ ዛፎች ቅጠል ሳያወጡ ሐምራዊ አበባ ማፈንዳት ጀምረዋል፤ አዲስ ዓመታችን ሲቃረብ እዚህ የሚያብበው እሱ ነው። ብርድ ልብሴን ለብሼ የስልክ መስመር ከሚገኝበት ከግድግዳው ጥግ ተቀምጬ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩላት። የጋሽ ዘሪሁን ሰዓት ከቀኑ አስር ይላል።

«ሁለት ዓመት ሰጡኝ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እንደ ሁልጊዜዋ ስልኩን ፊቷ ላይ አስጠግታ ነው የያዘችው። «ምነው ጥለቱን አቆምሽው?»

«እዚህ እንዲህ ነው የሚለበሰው እማዬ። እንዲያድግ።»

«ማን?»

«ሁሉም ነገር።»

«አሜን» አለች። ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ ስታቀያይር ምስሉ ወደ ታች ወረደ። ለአንድ አፍታ ትከሻዋ ታየኝ። ነጠላዋ ታየኝ። ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር።

«ጋሽ ዘሪሁንን ጥሪልኝ፤ ልንገራቸው።»

«ተኝተዋል።»

«በአስር ሰዓት?»

«ሰው አይደክመውም እንዴ ልጄ?» ስልኩን ከፍ አደረገችው፤ ግንባሯና ጣራው ብቻ ቀረ። «ከላይ ከፎቁ ለቅሶ ነበር፤ ከዚያ ነው የመጣሁት። አታውቂያቸውም። አዲስ ጎረቤት ናቸው።»

ሊሆን ይችላል። ሕንጻው ትልቅ ነው፤ የማላውቀው ሰው ይበዛዋል። ግን ውጭ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። የሌላ ጎረቤታችን አባት ያረፉ ጊዜ ልጃቸው ከውጭ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አምስት ወር ሙሉ «ተኝተዋል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ብጠይቃት ትዋሻለች፤ ዋሽታ ደግሞ ማታ ታለቅሳለች። «እሺ» አልኳት። «ሲነሱ ቀዳዳው ሰፊ ነው በያቸው።»

«እላቸዋለሁ» አለች። አሁን ጣራው ብቻ ቀረ። «ብርድ እንዳይመታሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጠዋት የሞላሁት ቢሆንም ሰዓቱን እንደገና ሞላሁት፤ አልዞር እስኪል ድረስ። ከዚያ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ብርድ ልብሱን ከደረቴ ፈታሁና አዞርኩት። መስመሩን አስተኛሁት።

እሜ ማታቦ ፓፓ በሳህን ይዘው መሃሉን ጎድጉደው ገቡ። አዩኝ። ሳህኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ አልተቆጡኝም፣ የልብሴንም ጫፍ አልጎተቱም። አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እሜ» አልኳቸው። «ገና አልነገሩኝም።»